እስከ ጊፋታ ጠብቁኝ

ሐምሌ 14 ቀን 2006፣ ሰኞ

ከአዲስ አበባ ትናንት ማታ ገባን። የነርቭ ሐኪሙ፣ ባለቤቴ ትዕዛዝ የምትበላውን፣ ክብደቷንና የትንፋሿን ሁኔታ ጻፍ ስላለኝ ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። ሌላ ነገር አትጻፍበት አላለኝም።

ትዕዛዝ ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ምግብ ቤት አላት። ባለፈው ኅዳር ላይ ምላሷ መኮላተፍ ጀመረ። ደንበኞች ጠጥታ ነው አሉ። ጠላ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት ልትመክራት ቤት ድረስ መጣች። ትዕዛዝ ሻይ አቅርባ፣ ምክሩን ሰምታ ሸኘቻት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የምትቀመጠው ከኋላ ነው። በየካቲት ውኃ ስትጠጣ ትን ይላት ጀመር። በግንቦት ሳህን ከእጇ ማምለጥ ጀመረ።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ መዋጥ፣ በኋላ መተንፈስ። አእምሮዋን አይነካውም አለ። እሷ ለትንፋሽ ምርመራ ስትዘጋጅ እኔን ለብቻዬ አስቀርቶ አንድ ነገር ጨመረልኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ለእሷ በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ምርመራው እንዲህ ነው። አፍንጫ ይቆነጠጣል፣ ቱቦ በከንፈር ግጥም ተደርጎ ይያዛል፣ ሳንባ እስኪሟጠጥ ይነፋል። ባለሙያዋ «ንፊ፣ ንፊ፣ አታቁሚ» እያለች ታበረታታለች። የትዕዛዝ ከንፈር ቱቦውን መያዝ ስላቃተው አየሩ በጎን አመለጠ። በመጨረሻ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭምብል አመጡላት። ተቀምጣ ሰባ ሁለት ከመቶ፣ ተኝታ ስልሳ ሦስት። ለጊዜው መልካም ነው ተባልን።

ሐምሌ 16

ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ፣ የሥራ ሂደት ባለቤቱ ደገፉ፣ ምንም አላለኝም። የእሱ ዝምታ ለግምገማ የሚቀመጥ ነው።

ቁርስ፦ የተፈጨ አቮካዶ። ምሳ፦ ወፈር ያለ አጥሚት። ውኃ እምቢ አላት።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዱቦ ሆስፒታል ሄድን። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኢሳይያስ ይባላል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። በሆዷ ቆዳ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቀጭን ጎማ ማስገባት እንደሚቻልና ምግቡም መድኃኒቱም በዚያ እንደሚገባ አስረዳን። በአፏ መብላት እስከቻለች ድረስ በአፏም ትበላለች አለ።

እኔ አሁንም እኮ ትበላለች አልኩት።

«አሁን እንሥራ የምለው አሁን ስለምትበላ ነው» አለ። «ትንፋሿ ከግማሽ በታች ሲወርድ ጠረጴዛው ላይ መተኛቷ ራሱ አደጋ ይሆናል። ያኔ ጎማው ያስፈልጋታል፣ እኔ ደግሞ ለመሥራት እፈራለሁ።»

ትዕዛዝ ተናገረች። ዶክተሩ ስላልገባው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ተረጎምኩ። «እስከ ጊፋታ ጠብቁኝ ነው የምትለው።» ለምን ብሎ ጠየቃት። በዘመን መለወጫችን በሬው ሲታረድ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ሆዴ ላይ ጎማ አንጠልጥዬ አልቀመጥም፤ ከሰው ጋር በአፌ በልቼ እመጣለሁ አለች። ዶክተሩ እኔን አየኝ። ውሳኔው የእሷ ነው አልኩት።

ውሳኔው የእሷ ነው ማለቴ ትክክል ነው። በሚኒባስ ስንመለስም ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ትክክል ነው። ሁለት ወር ረጅም አይደለም። ቀለል ያለኝ ስለደከመኝ ይሆናል።

ሐምሌ 29

ታላቅ እህቴ እትዬ አሳየሽ ከበዴሳ መጣች። ቅቤ፣ የቦዬ ሥር፣ አንድ ዶሮም ይዛለች። ትዕዛዝን አቅፋ ትከሻዋን ዳሰሰችና በወላይትኛ በምንም የማይተረጎም ድምፅ አወጣች። ለጎረቤት ግን በአማርኛ ስታወራ ሰማኋት። «ልጅቷ ቀጥኗል። በሽታ ምናምን አይደለም፣ ምግብ ነው ያጣው። ወንድሜ ደግሞ በደብተር ይመግባታል።»

ነሐሴ 5

ትዕዛዝ ምግብ ቤቱን ለሳምራ ሰጠቻት። ሳምራ አብራት የኖረች ወጥ ቤት ናት፤ አሁን ኃላፊ ሆነች። ትዕዛዝ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ትቀመጣለች። የምትለውን ሰው ስለማይሰማት በስልክ መልእክት ትጽፋለች፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። ማእድ ቤት ያለችው ሳምራ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች።

ለእኔም ትጽፍልኛለች፣ ያውም ከአጠገቤ ሆና። ዛሬ የጻፈችልኝ፦ «የሜላት አባት፣ ስትመግበኝ ፊትህን እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አታድርገው።»

ፊቴን እንዴት እንደማደርግ አላውቅም።

ነሐሴ 13

ክብደቷ ቀንሷል። የክረምቱ ብርድ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል። ጋደም ስትል ስለሚጨንቃት ትራስ ጨምረንላታል፤ አሁን ተቀምጣ ትተኛለች ማለት ይቻላል። ቀን ላይ ገንዘብ መቀበያው ጋ ሆና እንቅልፍ ይወስዳታል። ሳምራ ስትነግረኝ የፈራች መሰለች። ዝናቡ ሌሊት ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ ነው፣ ማንም በደንብ አልተኛም አልኳት።

ዶክተር ኢሳይያስ ዛሬ ደውሎ ነበር። ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። ሲመቸኝ እደውላለሁ።

ነሐሴ 28

ሜላት ከሐዋሳ ደወለች። ልጃችን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷን ልትጀምር ነው፣ ክረምቱንም እዚያው በሥራ ልምምድ አሳለፈችው። እናቷ ለምን ስልክ እንደማታወራ ጠየቀችኝ። ድምፅ ትንሽ ዘግቷታል አልኳት። «ለስምንት ወር?» አለችኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ኔትወርኩ አልተቆራረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

በጥድፊያ ነው። ጤና ጣቢያ ነን። እትዬ አሳየሽ ወተት በብርጭቆ ሰጥታታለች። ወደ ሳንባዋ ገባ። ከንፈሯ ጠቆረ። አሁን ትተነፍሳለች።

ጳጉሜ 5

ትኩሳቱ በርዶላታል። መርፌ ለሳምንት ታዟል።

ሰኞ የሆነውን ልጻፍ። ቢሮ ሳለሁ ነው የሆነው። እትዬ አሳየሽ እኔ እስክወጣ ጠብቃ ነው ወተቱን ያፈላችው። ትዕዛዝ እምቢ አላለቻትም። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት «ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ሳል ሳይሆን የሳል ሙከራ ነበር አለች ጎረቤታችን፤ ለመሳል የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም። ጎረቤታችን ጀርባዋን እየመታች፣ እትዬ አሳየሽ ደጅ ወጥታ እየጮኸች፣ በባጃጅ ወሰዷት።

እትዬ አሳየሽን አልተቆጣኋትም። ከዚያ ቀን ወዲህ በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ ምግብ ስናቀርብ ትወጣለች። ዛሬ ብቻ መጥታ «እኔ ገድያት ነበር?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ሐምሌ ላይ ውሳኔው የእሷ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ግን አልነገርኳትም።

መስከረም 9

ሜላት መጣች። አንዴ እናቷን አይታ ወደ ጓሮ ሄደች፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። እኔን እስካሁን በቅጡ አላናገረችኝም። የእናቷን ጸጉር ሠራችላት።

መስከረም 18 ቀን 2007፣ እሑድ፣ ጊፋታ

በዴሳ፣ እትዬ አሳየሽ ቤት። ወንድሞቻችን ሁሉ ከነልጆቻቸው መጥተዋል። በሬው ትናንት ታርዶ ቅርጫው ተከፋፍሏል። ወጣቶቹ በመንገዱ ላይ «ዮዮ ጊፋታ» እያሉ ያልፋሉ። የእንሰቱ ባጭራ ቅቤ ጠግቦ በትልቁ ሳህን ቀረበ፤ የሚያቃጥለው ዳጣ፣ ሥጋው።

ትዕዛዝ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሜላት በስፌት አጥብባላታለች። ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ጥሬ ሥጋውን አመለከተችኝ፣ ከዚያ ቢላውን፣ ከዚያ እኔን። በሕይወቴ ሥጋ ከትፌ አላውቅም፤ ሚስቴ ምግብ ቤት ያላት ሰው ነኝ። ከተፍኩ። አይታ ራሷን ነቀነቀች፣ ይድቀቅ። ደግሜ ከተፍኩ። አሁንም ይድቀቅ። ወንድሜ ማሞ ሳቀብኝ፣ እሷም ሳቀች። እንደ ዱቄት ሲሆን ቅቤ አስጨመረችኝና ከዳጣው በጣት ጫፍ አስነካችኝ።

አገጯን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። ሁሉም ስለ እህል ዋጋና ስለ መጪው ምርጫ የሚያወሩ መስለው የእሷን ጉሮሮ ነበር የሚያዩት። ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። ሦስተኛውን አፏ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አቆየችውና ሳትውጠው በመሐረብ ተፋችው። መሐረቡን አጥፋ ሜላት እጅ ላይ አኖረችው።

ከዚያ በሁለት እጇ፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ፣ ከከተፍኩት ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ጎረስኩ። ለማሞም አጎረሰች፣ ለሜላትም፣ በር ላይ ቆማ ለነበረችው ለእትዬ አሳየሽም። እትዬ አሳየሽ ተንበርክካ ተቀበለቻት።

ስትጨርስ ስልኳን አንስታ «በቃኝ» ብላ ጻፈች፤ ለእኔ አሳየችኝ።

ጠግባ ነው መሰለኝ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ዱቦ። ዶክተር ኢሳይያስ አልወቀሰንም። በእጅ በሚያዝ ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ፣ ከጭምብል ጋር፣ ደጋግሞ ለካት። ተቀምጣ ሃምሳ አንድ። ሊያስተኛት ሲል እጁን ያዘችው። እንደምንም ለካት፣ አርባ። የጠዋቱ ራስ ምታትና የቀኑ እንቅልፍ ሌሊት ሌሊት የተቃጠለ አየር በደንብ ስለማታስወጣ ነው አለ። የዝናቡን ነገር አላነሳሁም።

አሁንም ይቻላል አለ። ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጣትም፤ ሆዷ ብቻ ደንዝዞ፣ ቀና ብላ፣ ኦክስጅን ይዛ። ሐምሌ ላይ ከነበረው ግን ይከብዳል። «እዚያው ጠረጴዛው ላይ ልትቀርብን ትችላለች። ብንተወው ደግሞ በረሃብና በሳንባ ምች ነው የምናጣት።»

ትዕዛዝ በእጇ ሆዷን ነካች፣ ከዚያ ወለሉን አመለከተች። እዚህ፣ አሁን።

እኔ እናስብበት አልኩ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። በጥድፊያ የሚወሰን ነገር አይደለም አልኩ፤ አረካ የመስክ ሥራ አለብኝ፣ ከዚያ ስመለስ እንወስናለን።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ፣ አረካ

የመስኖ ቀያሽ ነኝ፤ ሥራዬ ይህ ነው። ቦዩ የሚሄድበት ቁልቁለት በጣም ለዘብ ያለ ነው፤ በትንሹ ከተሳሳትን ውኃው መሐል ላይ ይተኛል። አፈሩ ቀይ፣ ከዝናቡ የተነሳ የሚያዳልጥ። ሁለት ቀን ለካን። የምግብ ፍላጎት የለኝም፣ ውኃው ሳይሆን አይቀርም።

ደገፉ ወደዚህ ስመጣ «ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር እኮ» ብሎኝ ነበር። የእኔ ተራ ነው አልኩት። ተራው የባልደረባዬ የቦልቴ ነበር፤ አሁን እሱም በረዳትነት አብሮኝ ነው።

እሑድ፣ በማግስቱ

ቦዩ ውስጥ ቆሜ ሳለ ስልኬ ደጋግሞ ነዘረ። መልእክቱ ረጅም ስለነበር ተቆራርጦ ነው የገባው፤ የኋላው ቀድሞ። አስተካክዬ እንዲህ ገለበጥኩት።

«የሜላት አባት። ሐኪሙ አዲስ አበባ ለአንተ የነገረህን እኔም ጠይቄው ነግሮኛል። ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት። ያን ቀን፣ አንተ ታክሲ ልትጠራ ስትወጣ። ለአንተ ይቀልሃል ብዬ የማላውቅ መሰልኩ። ጊፋታንም ያልኩት አውቄ ነው፤ ዋጋውን አውቄ። በልቻለሁ፣ አልቆጨኝም። አሁን ጎማውን እፈልጋለሁ። ሰኔ ላይ ሜላት ስትመረቅ እዚያ መቀመጥ እፈልጋለሁ። አንተ ካልመጣህ ሜላትና አሳየሽ ይወስዱኛል። ግን ና።»

መሣሪያውን ለቦልቴ ሰጥቼ ወጣሁ። ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ረዳቱ አጉረመረመ።

ቤት ስደርስ አልጋዋ ላይ በትራሶቹ ተደግፋ ነበር። ፈርቼ ነው አልኳት። የምትለውን ለመስማት ጎንበስ አልኩ። ቃሉ ከግማሽ በላይ ትንፋሽ ነው።

«እኔም» አለች።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ዱቦ፣ መጠበቂያው ወንበር ላይ። በአውራ ጣቷ ፈረመች። እትዬ አሳየሽ እየጸለየች ነው። ሜላት ከጎኔ ናት፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። በሩ አሁንም ዝግ ነው።

መስከረም 29

በሕይወት አለች።

ዶክተር ኢሳይያስ በኋላ እንደነገረኝ መሐል ላይ ጀርባዋን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ኦክስጅኗ ወረደ። መልሰው ቀና አደረጓት፣ እሱም ተጎንብሶ፣ ለእሱ በማይመች ሁኔታ ጨረሰ። ነርሷ እጇን ይዛ ከእሷ ጋር ስትተነፍስ ነበር። ትዕዛዝ ሁሉንም ነገር ሰምታለች፤ ማደንዘዣው ሆዷን እንጂ ጆሮዋን አልያዘም። ከጠረጴዛው ሲያወርዷት የሰው ላብ አንገቷ ላይ እንደነጠበ ጻፈችልኝ። የማን እንደሆነ አታውቅም።

ጥቅምት 5

ነርሷ አመጋገቡን አስተማረችን። ቀና ብላ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ፣ ከዚያ በወንፊት የወጣ አጥሚት፣ መጨረሻ እንደገና ውኃ፣ ጎማው እንዳይደፈን። ትልቁ ሲሪንጅ ከጎማው ጫፍ ላይ ተሰክቶ ወደ ላይ ይያዛል፤ ከፍ ሲል ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል። መግፋት አያስፈልግም።

እትዬ አሳየሽ አጥሚቱን ራሷ ነው ያጠለለችው፣ ደጋግማ። ሲወርድ አይታ «ሆዷ ይጣፍጠዋል?» ብላ ጠየቀች። ትዕዛዝ ሳቀች። ሳቋ አሁን ከጉሮሮ የሚወጣ አየር ብቻ ነው፣ ግን ሳቅ ነው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ግምገማ ነበር። ደገፉ ያጠራቀመውን ሁሉ አወጣው፤ ማርፈድ፣ ስብሰባ ጥሎ መውጣት፣ አረካን መሐል ላይ መተው። የቁርጠኝነት ማነስ ተባልኩ። ግለሂስ እንዳደርግ ስጠየቅ ተነሥቼ ልክ ነው፣ ቁርጠኝነት አንሶኝ ነበር አልኩ። ስለ የትኛው እንደምናገር አልጠየቁኝም። ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጠኝ።

ሲወጡ አንዱ ለሌላው «ሚስቱ እኮ አልቆላታል» ሲል ሰማሁ። ከኋላቸው በደረጃው ወረድኩ።

ኅዳር 3

ክብደቷ ጨምሯል። ራስ ምታቱ ግን አለ። ዶክተር ኢሳይያስ ሌሊት ፊት ላይ ተገጥሞ ለመተንፈስ የሚያግዝ መሣሪያ አዲስ አበባ ሊገኝ ይችላል አለ። ሌላም ነገር አስረዳን፤ ትንፋሿ ሲብስ ጉሮሮ ተበስቶ በማሽን መተንፈስ እንደሚቻል፣ ይህ ሁሉ ግን በሽታውን እንደማያቆመው። ትዕዛዝ የፊቱን መሣሪያ እሞክራለሁ፣ ጉሮሮዬ ግን አይበሳም ብላ ጻፈች። ሜላት ወደ ሐዋሳ ከመመለሷ በፊት ስለዚህ ጉዳይ እናትና ልጅ በር ዘግተው ተነጋግረው እንደነበር አሁን ገባኝ። ለእኔ ማብራራት አላስፈለጋትም። አነበብኩት፣ እሺ አልኩ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ዛሬ መጀመሪያ ምግብ ቤቷ ሄደች። ሳምራ ወንበሯን በትራስ አዘጋጅታላታለች። ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ሾፌሮች፣ የመናኸሪያ ነጋዴዎች፣ ቤቱ ሞላ። አጥሚቷን በፔርሙዝ ይዤ ነበር። ወደ ጓዳ ልወስዳት ተነሣሁ።

አልተነሣችም። ስልኳን አዞረችልኝ። «ምግብ ቤት ነው። እዚሁ እበላለሁ።»

ሰው አለ አልኳት በዝግታ። ጣቷን በዚያው ቃል ላይ ደግማ አደረገች፤ እዚሁ።

ከሻርፗ ሥር ጎማውን አወጣሁ። ሲሪንጁን ሰካሁ፣ ውኃውን ጨመርኩ፣ ከፍ አደረግኩ። በአቅራቢያችን ያሉት ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። አጥሚቱን ጨመርኩ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ትዕዛዝ ግን ፊት ለፊቷ ያሉትን ደንበኞች ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፣ የማን ሳህን እንደጎደለ እንደምትመለከት ሁሉ።

ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ሹፌር ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሳምራ፣ እዚህ ዳጣ ጨምሪልን» አለ። ሳምራ መጣሁ አለች። ወንበር ተንኳኳ፣ አንዱ ሂሳብ ጠራ፣ ወሬው ቀስ በቀስ ተመለሰ።

አጥሚቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ክንዴ ዛለ፤ አላወረድኩትም።